ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው ወይስ የማሽኑ?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ «በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚለውን ያህል የተለመደ ንግግር ያለ አይመስለኝም። በትልልቅ ኩባንያ የሚሠሩት ባለሙያዎችም ሆኑ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ውስጥ ያለነው ጀማሪዎች፣ ሥራችን በሌላ ሰው ማሽን ላይ እንቢ ባለ ጊዜ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ይኸው ነው። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ አይዋሽም፤ በእርግጥ በእርሱ ማሽን ላይ ይሠራል። ታዲያ አንዱ ፕሮግራም፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ እዚህ ሠርቶ እዚያ የሚወድቀው ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንደ ችሎታዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁ መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼም ነገሩን ይከታተሉት ዘንድ ባዕድ የሆነውን ቃል ሁሉ እየተረጐምሁ እሄዳለሁ።

አስቀድሜ ፈተና ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልናገር። ጥንቁቅ የሆነ ፕሮግራም ጸሐፊ ዋናውን ፕሮግራም ሲጽፍ አጠገቡ ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞችን ይጽፋል። የእነዚህ ሥራ እንደ መምህር ዋናውን ፕሮግራም መጠየቅና መልሱን ማረም ነው። «7 በ8 ሲባዛ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፤ 56 ካለ አለፈ፣ ሌላ ካለ ወደቀ ተብሎ በቀይ ይጻፍበታል። ነገ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን አሻሽላለሁ ሲል ትናንት ደኅና የነበረውን ሳያውቅ ቢያበላሽ፣ ፈተናው ወዲያውኑ ይናገርበታል። በአንድ ትልቅ ፕሮግራም ላይ እንደዚህ ያሉ ፈተናዎች በሺህ ሊቈጠሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ፈተና ሲወድቅ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ፕሮግራሙን ነው። ነገር ግን ፕሮግራም ወደ ፈተናው ክፍል ብቻውን አይገባም። ብዙ ነገር ራሱ ስለማያውቅ ማሽኑን እየጠየቀ ነው የሚሠራው። አሁን ስንት ሰዓት ነው? ያለነው በየትኛው አገር ነው? በዚህ አገር ክፍልፋይ ቁጥር የሚጻፈው በነጥብ ነው ወይስ በነጠላ ሰረዝ? ይህ ፋይል የተጻፈው በየትኛው የፊደል ሰንጠረዥ ነው? ማሽኑም የሚመልስለት ፋብሪካው ወይም ባለቤቱ አስቀድሞ እንዳስተካከለው ነው። ይህ ማስተካከያ ሁሉ በጠቅላላው ቅንብር ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ኮንፊገሬሽን የሚሉት ነው። በእጅ ስልካችን ላይ «ቅንብሮች» በሚለው ገጽ የምናየው የዚሁ ጥቂቱ ክፍል ነው። ስለዚህ ፈተናው የሚፈትነው ፕሮግራሙንና ቅንብሩን አንድ ላይ ነው ማለት ነው። መልሱ ስሕተት በሆነ ጊዜ ከሁለቱ የትኛው እንዳሳሳተ ውጤቱ ብቻውን አይነግረንም።

ነገሩ በክበባችን ላይ ከደረሰው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለቤተ መጻሕፍታችን የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ፕሮግራሙ ማን ምን መጽሐፍ እንደ ወሰደ ይመዘግባል፤ የሚመለስበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል፤ ቀኑን ያሳለፈውንም ተማሪ ስም ለይቶ ያወጣል። የምንሠራባቸው ማሽኖች ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ሲሆኑ ሦስተኛው አንድ የተማሪ ወላጅ ከአሜሪካ አምጥተው በስጦታ የሰጡን ላፕቶፕ ነው። ፈተናዎቹ 38 ናቸው። በሁለቱ አሮጌ ማሽኖች ላይ 38ቱም አለፉ። በላፕቶፑ ላይ ግን ሁለት ወደቁ። ፈተናው «ይጠበቅ የነበረው መስከረም 12፣ የተገኘው መስከረም 11» እያለ ይጽፍ ነበር።

ከክበቡ አባላት አንዳንዶቹ «የላፕቶፑ ጠባይ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ይሠራል» ብለው ነገሩን ተዉት። ሌሎቹ ደግሞ የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚመልሰው ክፍል ተሳስቷል ብለው ጳጉሜን ሲቈጥሩ ሁለት ቀን ዋሉ። በዚህ መካከል ላፕቶፑ ቀላልና ለማንቀሳቀስ የሚመች ስለ ሆነ ተመላሽ መጻሕፍትን ለመመዝገብ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከአንድ ሳምንት ሙከራ በኋላ የአራት ተማሪዎች ስም መጽሐፍ አዘግይተዋል ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ከአራቱ አንደኛዋ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በቀኑ መመለስዋን ብትናገርም የተሰጣት መልስ «ማሽኑ እንዲህ ይላል» የሚል ነበር። መቼም ከወረቀት መዝገብ ጋር ሰው ይከራከራል፤ የጸሐፊው እጅ ተሳስቶ ይሆናል ይባላል። ከማሽን ጋር ሲሆን ግን የሚሰማው የለም። ልጅቱ የ1 ቀን መቀጫዋን ከፈለች።

ምክንያቱ የተገኘው አራቱ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን መቼ መቼ እንደ መለሱ በተጠየቁ ጊዜ ነው። አራቱም ከትምህርት በኋላ ስፖርት ወይም የክፍል ጽዳት የነበረባቸው ስለ ሆኑ የመለሱት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነበር። ከ11 ሰዓት በፊት ከመለሱት ውስጥ አለአግባብ ስሙ የወጣ አንድም አልነበረም። አስተውሎ ለተመለከተው ይህ ትልቅ ምልክት ነው፤ የቀን አቈጣጠር ስሌት ቢሳሳት ጠዋትና ማታ አይለይምና። ስለዚህ የላፕቶፑ ቅንብር ተከፍቶ ታየ። የሰዓቱ ክልል ከመጣበት አገር አልተለወጠም ነበር፤ የዋሽንግተንና የኒው ዮርክ ሰዓት እንደ ሆነ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሰዓቱ ልክ ካልሆነ እንዴት እስከዚያ ድረስ አላዩትም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሰዓቱ ለዓይን ልክ ነበር። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ስላልተገናኘ፣ አንድ ሰው የሰዓቱን ክልል ሳይነካ የሰዓቱን ቁጥር ብቻ በእጁ ወደ ፊት ገፍቶ ከአዲስ አበባ ጋር አስተካክሎት ነበር። በአገራችን ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር ነው። ኮምፒዩተር ግን በውስጡ የሚይዘው የግድግዳውን ሰዓት ሳይሆን ዓለም ሁሉ የተስማማበትን አንድ የጋራ ሰዓት ነው፤ ይኸውም የእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው ነው። የግድግዳውን ሰዓት የሚያወጣው የጋራውን ሰዓት ወስዶ በክልሉ መሠረት በመደመር ወይም በመቀነስ ነው። በመስከረም ወር የዋሽንግተን ሰዓት ከጋራው ሰዓት በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ላፕቶፑ «በዋሽንግተን ከቀኑ 11 ሰዓት ነው» ብሎ ካመነ፣ በኢትዮጵያ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። የእኛ የልማድ ቀን በንጋት ቢጀምርም የኮምፒዩተር ቀን የሚለወጠው በዚህች ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በኋላ የተመለሰ መጽሐፍ ሁሉ በማግሥቱ እንደ ተመለሰ ሆኖ ተመዘገበ። የወደቀው ፈተናም የሚናገረው ይህንኑ ነበር፤ የመስከረም 12 እኩለ ሌሊት በዋሽንግተን ሲታይ ገና መስከረም 11 ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

የላፕቶፑ ክልል ወደ አዲስ አበባ በተለወጠበት ቅጽበት ሰዓቱ 7 ሰዓት ወደ ፊት ዘለለ። በእጅ ተገፍቶ የነበረው ያን ያህል ነበርና እንደ ገና ወደ ኋላ ተመለሰ። የአራቱ ተማሪዎች ስም ከሰሌዳው ወረደ፤ መቀጫውም ተመለሰ። ያ ላፕቶፕ ምንም ሳይነካ ቢቈይ ኖሮ ሌላም ነገር ያደርግ ነበር። አሜሪካኖች በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋሉ፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። በአገራችን እንዲህ ያለ ልማድ የለም። ነገር ግን ክልሉ ያልተለወጠ ማሽን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦም ቢሆን በዚያች እሑድ ሰዓቱን ራሱ ያዘልለዋል። «ኮምፒዩተሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱ ይዛባል፤ ባትሪው ደክሟል መሰለኝ» የሚል ሰው ባትሪውን ከመለወጡ በፊት ክልሉን ቢመለከት መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ በክበቡ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ጥፋቱ የማሽኑ ነው፤ ቅንብሩ ተስተካክሏል፤ ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ይህን እያወቀ ስለ ምን የማሽኑን ክልል ይጠይቃል?» አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። የመጽሐፉ መመለሻ ቀን ማሽኑ በተሠራበት አገር መወሰን የለበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቀኑን ሁልጊዜ በአዲስ አበባ ክልል እንዲያሰላ ተደርጎ ተጻፈ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውም ወገን ከፊል እውነት ነበረው። ፕሮግራሙ ምንም ቢታረም፣ ማሽኑ ራሱ የያዘው የጋራ ሰዓት በ7 ሰዓት የተሳሳተ እስከ ሆነ ድረስ የሚመዘግበው ሐሰት ነው። ለዚህም ፕሮግራሙ ሲከፈት የማሽኑን ክልል አይቶ የኢትዮጵያ ካልሆነ ከመመዝገቡ በፊት እንዲያስጠነቅቅ አደረግን።

በሰዓት ምክንያት ከሚወድቁ ፈተናዎች መካከል የሌሊቱ ዓይነት ይበልጥ ያስቃል። ፕሮግራሙ የዛሬን ቀን ከጋራው ሰዓት ሲወስድ ፈተናው ደግሞ ከግድግዳው ሰዓት ቢወስድ፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ሁለቱ አይስማሙም፤ በእኛ ዘንድ ቀኑ ተለውጦ ሳለ በጋራው ሰዓት ገና ትናንት ነውና። ሌሊት ሲሠራ ያመሸ ሰው ፈተናው ሲወድቅበት ያያል። ጠዋት ለጓደኛው ሊያሳየው ቢሞክር ያልፋል። ጓደኛውም «እንቅልፍ ነው ያሳየህ» ይለዋል።

አሁን ከሰዓት ወደ ፊደል ልሻገር። ይህ በተለይ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን የሚነካ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የግዕዝ ፊደል ወደዚህ ሰንጠረዥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በዚህ መሠረት «አ» 4768 ሲሆን «በ» 4704 ነው። በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ግን፣ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ባይት የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ቁጥሮችን ይይዛል። ስለዚህ «አበበ» ለእኛ 3 ፊደል ሲሆን በፋይሉ ውስጥ 9 ባይት ነው፤ ይኸውም 225፣ 138፣ 160፤ 225፣ 137፣ 160፤ 225፣ 137፣ 160 ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንባቢው ማሽን ሌላ ሰንጠረዥ ይዞ የቀረበ እንደ ሆነ ነው። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተቀናበረ የዊንዶውስ ማሽን 1252 የሚባል አሮጌ ሰንጠረዥ አለው፤ በዚያ ሰንጠረዥ አንዱ ባይት ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው። የፓይተን ቋንቋ ደግሞ እስከ 3.14ኛው እትሙ ድረስ፣ ጸሐፊው «በዚህ ሰንጠረዥ አንብብ» ብሎ ካላዘዘው በዊንዶውስ ላይ የማሽኑን ሰንጠረዥ ይከተላል። ያን ጊዜ «አበበ» ትርጕም የሌላቸው ጭረትና ኮፍያ ያለባቸው የላቲን ምልክቶች ይሆንና ርዝመቱ 9 ነው ይባላል። በሊኑክስና በማክ ማሽን ላይ ግን የተለመደው ዩቲኤፍ 8 ስለ ሆነ ያው ፕሮግራም 3 ብሎ በትክክል ይመልሳል።

ከዚህም የባሰ አለ። «ሰላም» የሚለውን ቃል ብንወስድ የ«ም» የመጨረሻው ባይት 157 ነው። በዚያ በ1252 ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ የ157 ቦታ ባዶ ነው፤ ምንም ፊደል አልተሰጠውም። ስለዚህ ፓይተን «አበበ»ን እያበላሸ ቢያነብም፣ «ሰላም» ላይ ሲደርስ ግን ጨርሶ ያቆማል፤ 157ን መተርጐም አልቻልሁም ብሎ ይናገራል። ፈተናውን የጻፈው ሰው ለናሙና አበበን ወይም ከበደን ብቻ ቢጠቀምና ርዝመታቸውን ባይመለከት ፈተናው ያልፋል። ከዚያ በእውነተኛው መዝገብ ውስጥ በስሙ «ም» ያለበት ተማሪ በመጣ ጊዜ ፕሮግራሙ ይሞታል። በአማርኛ ስም «ም» ምን ያህል እንደሚበዛ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሰንጠረዡን በግልጽ መጥራት ነው። የጃቫ ቋንቋ አዘጋጆች ይህን ጣጣ አይተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ከወጣው ከ18ኛው እትም ጀምሮ ማሽኑ ምንም ቢል ዩቲኤፍ 8ን የተለመደው አድርገውታል።

በሌላ አገርም እንደዚህ ያለ አለ። ከሁሉ የታወቀው የቱርክ ነው። የላቲን ፊደል እንደምታውቁት ትልቅና ትንሽ አለው፤ እኛ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነን። ቱርኮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 የላቲንን ፊደል ሲቀበሉ ሁለት ዓይነት «አይ» አደረጉ፤ አንደኛው ነጥብ ያለው፣ ሁለተኛው ነጥብ የሌለው። በእነርሱ ሕግ ነጥብ የሌለው ትልቁ «አይ» ትንሽ ሲሆንም ነጥብ የለውም። በእንግሊዝኛ ሕግ ግን ትንሽ ሲሆን ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም «ታይትል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትልልቅ ፊደል ተቀብሎ ወደ ትንሽ ቢለውጠው፣ ማሽኑ በቱርክኛ የተቀናበረ እንደ ሆነ የሚወጣው ቃል መካከሉ ላይ ነጥብ የጐደለው ነው። ፈተናው «አይመሳሰሉም» ብሎ ይጥለዋል። በአዲስ አበባም በኒው ዮርክም ምንም አይታይም፤ ኢስታንቡል ሲደርስ ይወድቃል። መፍትሔው ቃሉ ለማሽን ትእዛዝ የሚሆን እንጂ ለሰው የሚነበብ ካልሆነ የየትኛውንም አገር ሕግ ሳይከተሉ እንዲለወጥ ማዘዝ ነው።

ማሽኑ በጀርመንኛ የተቀናበረ ከሆነ ደግሞ ጃቫ 3 ነጥብ 14ን ሲጽፍ በነጥቡ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ያደርጋል። በታይላንድ ቅንብር ላይ ያው ጃቫ የቀን መቁጠሪያ ሲጠየቅ የቡድሃን አቆጣጠር ያቀርባል፤ ይኸውም ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። የፈረንጁ 2025 በዚያ 2568 ነው። ከፈረንጅ ጋር በሰባትና በስምንት ዓመት እየተለያየን የምንኖር እኛ በዚህ ብዙ ባንደነቅ ይገባል።

የማይታይ ልዩነት የሚያደርገው ደግሞ የመስመር መጨረሻ ነው። በጥንቱ የጽሕፈት መኪና ላይ መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ተሸካሚውን ወደ ዳር መመለስና ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ማድረግ። ዊንዶውስ ይህን ሁለቱንም እስከ ዛሬ ይዞ በመስመር መጨረሻ 13 እና 10 የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ያስቀምጣል። ሊኑክስ ግን 10ን ብቻ ይጽፋል። ሁለቱ ጽሑፎች በዓይን አንድ ናቸው። ፈተናው ሲያስተያያቸው ግን አይተካከሉም፤ ተመልካቹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት መስመሮች ፊት ለፊት ተቀምጠው «የተለያዩ ናቸው» ሲባል ያያል። ጊት የሚባለው የፕሮግራም መዝገብ ያዥ በዊንዶውስ ላይ እንደ ቅንብሩ ፋይሉን ሲያወርድ ይህን ምልክት ራሱ ስለሚጨምር፣ ምልክቱን ያስገባው ሰው አይገኝም።

የፋይል ስምም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው ቅንብራቸው በስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለዩም፤ ሊኑክስ ይለያል። ይህ «ሀይሉ» ብሎ ለሚጠራውም «ኃይሉ» ብሎ ለሚጠራውም አቤት የሚል ሰው፣ እና ስሙ በትክክለኛው ፊደል ካልተጻፈ በቀር ዞር ብሎ የማያይ ሰው እንዳለ ዓይነት ነው። አብዛኛው ፕሮግራም የሚጻፈው በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ላይ ሲሆን፣ በመጨረሻ የሚሠራበት ትልቁ ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ስለ ሆነ፣ ጕድለቱ የሚገለጠው ፕሮግራሙ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው።

እስካሁን ምክንያቶቹን ተናግሬአለሁ። እነዚህን ሁሉ በቃል መያዝ ግን አይቻልም፤ ቅንብር ስፍር ቍጥር የለውምና። የፍለጋውን መንገድ ማወቅ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚነበበው የወደቀው ፈተና «ይጠበቅ የነበረው» እና «የተገኘው» ብሎ የጻፈው ነው። ብዙ ሰው ቀዩን ቀለም አይቶ ወደ ፕሮግራሙ ይሮጣል እንጂ ይህን አያነብም። የልዩነቱ መልክ ራሱ አቅጣጫ ይጠቁማል። ልዩነቱ አንድ ቀን ወይም ድፍን ሰዓቶች የሆነ እንደ ሆነ የሰዓት ክልል ነው። የአማርኛ ቃል ርዝመት ሦስት እጥፍ ከሆነ የፊደል ሰንጠረዥ ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ መስለው ከታዩ የማይታይ ምልክት አለ። በዓይን የሚታይ ፋይል «የለም» ከተባለ የስሙ ፊደል ወይም የተቀመጠበት መንገድ ነው።

ቀጥሎ ደኅናውንና የታመመውን ማሽን ጐን ለጐን አድርጎ ማስተያየት ነው፤ የትኛው የፓይተን ወይም የጃቫ እትም፣ የትኛው የሰዓት ክልል፣ የትኛው የአገር ቅንብር፣ የትኛው የፊደል ሰንጠረዥ። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ዓይነት ፓይተን ተጭኖ፣ ሰውየው አዲሱን የጠራ መስሎት አሮጌው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ልዩነቶቹ ብዙ ቢሆኑ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይገባም። ሁሉን የለወጠ ሰው ፈተናው ቢያልፍለት እንኳ የትኛው እንደ ጠቀመ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ያው በሽታ ሲመለስ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ለሰሚው እንግዳ ነው፤ የታመመውን ከማዳን በፊት ደኅናውን ማሳመም። ጥርጣሬው የሰዓት ክልል ከሆነ፣ ፈተናው ያለፈበትን ደኅና ማሽን ወስዶ ክልሉን ብቻ የዋሽንግተን ማድረግና ፈተናውን እንደ ገና ማስኬድ ነው። በሊኑክስና በማክ ላይ ቲ ዜድ የሚባል ተለዋዋጭ ስላለ፣ የማሽኑን ሰዓት ሳይነኩ ለዚያች አንዲት ሩጫ ብቻ ክልሉን መለወጥ ይቻላል። ደኅናው ማሽን በዚያች በአንዲት ለውጥ ልክ እንደ ታመመው ከወደቀ፣ የተገኘው ስሕተትም ያው ከሆነ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ካልወደቀ ያ ጥርጣሬ ተሰርዞ ወደ ሌላው ይኬዳል። የታመመውን ማሽን እየነካኩ ማዳን ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ደኅናውን ሆን ብሎ በአንድ ነገር ብቻ መጣል ግን ማስረጃ ነው። የክበባችን መምህር ይህን ሲያዩ በኬሚስትሪ ክፍል የምንሠራው ሙከራም ከዚህ አይለይም አሉ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው፣ የሚታረመው ፕሮግራሙ ነው ወይስ ማሽኑ የሚለው ነው። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ቅንብር የያዘ እውነተኛ ተጠቃሚ ሊኖር ይችላል ወይ? ቱርክ ውስጥ ያለ ሰው ማሽኑን በቱርክኛ ማቀናበሩ መብቱ ነው፤ እርሱን «ቅንብርህን ለውጥ» ማለት አይገባም፤ ፕሮግራሙ ይታረም። በእጅ ተገፍቶ የተሳሳተ ሰዓት ግን ለማንም የማይጠቅም ስለ ሆነ ማሽኑ ይታረም።

ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ ድካም ለማስቀረት ፕሮግራሙን ከነቅንብሩ በአንድ ዕቃ ውስጥ አሽገው ይልኩታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የወጣው ዶከር የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ በሄደበት ሁሉ የራሱን ሰዓት ክልል፣ የራሱን ሰንጠረዥና የራሱን እትም ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ በአንዱ ቦታ ያለፈ ፈተና በሌላውም ያልፋል። መልካም ዘዴ ነው፤ እኔም ዕድሉን ባገኘሁ ቁጥር እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን አንድ ጕዳት አለው። ፈተናው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራሙ በሌላ ቅንብር ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሳያይ ይቀራል። ፕሮግራሙ በሰዎች የግል ማሽንና ስልክ ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እነርሱ የሚያቀናብሩት እንደ ልማዳቸው ነው።

ስለዚህ ክበባችን 38ቱን ፈተናዎች አሁን አራት ጊዜ ያስኬዳቸዋል፤ አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በዋሽንግተን ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በቱርክኛ ቅንብር፣ አንድ ጊዜም በ1252 ሰንጠረዥ። በናሙናው ዝርዝር ውስጥም ከአበበና ከከበደ ሌላ ሰላም፣ ማርያማዊትና ተመስገን ተጨምረዋል። አራቱ ሩጫዎች በአሮጌው ማሽን ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ።